የኤሪክሰን ስምንቱ የዕድሜ ደረጃዎች

የኤሪክሰን ስምንቱ የዕድሜ ደረጃዎች የሰው ልጅ ከተወለደበት ቀን እስከ እርጅናው ድረስ ስለ ራሱ ያለው ግንዛቤ እንዴት እንደሚያድግ የሚያስረዳ የሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳብ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ያቀረበው በጀርመን ተወልዶ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ሳይኮአናሊስት ኤሪክ ኤሪክሰን (1902–1994) ሲሆን፣ ባለቤቱ ጆአን ኤሪክሰንም በሥራው ትልቅ ድርሻ ነበራት። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው በ1950 በታተመው «ልጅነትና ኅብረተሰብ» በተባለው መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ሕይወት በስምንት ደረጃዎች ትከፈላለች። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሰው ከራሱ ዕድገትና ከአካባቢው ሰዎች ፍላጎት የሚመጣ አንድ ዋና ፈተና ይገጥመዋል። ፈተናውን የሚያልፍበት መንገድ በቀጣዩ ደረጃ ላይ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚገኝ ይወስናል፤ ይሁን እንጂ በአንዱ ደረጃ የጎደለ ነገር በኋላ ሊሟላ ይችላል። ዛሬ በየቀኑ የምንሰማው «የማንነት ቀውስ» የሚለው አነጋገር የተስፋፋው በኤሪክሰን ሥራዎች አማካይነት ነው።

የንድፈ ሐሳቡ አመጣጥ

ኤሪክሰን በሰኔ 15 ቀን 1902 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። እናቱ ካርላ አብርሃምሰን ከኮፐንሃገን የመጣች ዴንማርካዊት አይሁዳዊት ነበረች። የወለደው አባቱ ማን እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞቱ አላወቀም። እናቱ በ1905 በካርልስሩኸ ከተማ የሚኖረውን የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ሆምበርገርን አገባች፤ ልጁም ሐኪሙ የሥጋ አባቱ እንደሆነ እየተነገረው አደገ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ስለነበረ በምኩራብ የነበሩ ልጆች እንደ ባዕድ ይቆጥሩት ነበር። በትምህርት ቤት ደግሞ ጀርመናውያን ልጆች አይሁዳዊ ነው ብለው ያገሉት ነበር። ብዙ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች በኋላ ዘመን የማንነትን ጥያቄ ዋና ሥራው ያደረገበትን ምክንያት ከዚህ ጋር ያያይዙታል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሥዕል እየሣለ ለጥቂት ዓመታት በአውሮፓ ተዘዋወረ። በ1927 ጓደኛው ፒተር ብሎስ ጠርቶት ወደ ቪየና ሄደና በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። እዚያም ከሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ከአና ፍሮይድ ጋር ተዋውቆ በእርሷ ዘንድ የሳይኮአናሊሲስ ሥልጠና ወሰደ። በ1930 ካናዳ የተወለደችውን የዳንስ ባለሙያ ጆአን ሰርሰንን አገባ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ቤተሰቡ በዴንማርክ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ስሙን ከኤሪክ ሆምበርገር ወደ ኤሪክ ኤሪክሰን ለወጠ። «ኤሪክሰን» ማለት «የኤሪክ ልጅ» ማለት ነው። አባቱን የማያውቅ ሰው ራሱን የራሱ ልጅ አድርጎ እንደ ሰየመ ብዙዎች ይጠቅሳሉ። የስም ለውጡ ከትችት አላመለጠም፤ በ1975 ማርሻል በርማን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ኤሪክሰን ስለ ማንነት ለዓለም እያስተማረ የገዛ አይሁዳዊ አመጣጡን ሸፍኗል ሲል ወቅሶታል።

ኤሪክሰን ሐሳቡን የቀመረው በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በ1938 በደቡብ ዳኮታ ወደሚገኘው የፓይን ሪጅ የሱ ሕዝቦች ሠፈር ሄዶ የሕፃናት አስተዳደጋቸውን ተመለከተ። ቀጥሎም በካሊፎርኒያ በክላማት ወንዝ ዳር በሳልሞን ዓሣ የሚተዳደሩትን የዩሮክ ሕዝቦች አጠና። በሱ ልጆች ላይ ያየው ነገር በተለይ አስገርሞታል። በቤታቸው የሚማሩት የጎሽ አዳኞች ሥነ ምግባር አንድ ዓይነት ነው፤ መንግሥት ባቋቋመው ትምህርት ቤት የሚማሩት ደግሞ ሌላ ነው። ጎሹ ከጠፋ ቆይቷል። ልጆቹ ያለፈውንም የሚመጣውንም መያዝ አቅቷቸው በመሐል ቆመው ነበር። ከዚህ በመነሣት ኤሪክሰን የአንድ ሰው «እኔነት» በቤተሰቡ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሕዝቡ ታሪክ ውስጥም እንደሚሠራ ተረዳ።

ሌላው ምንጭ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኤሪክሰን ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም፣ ስማቸውንና ታሪካቸውን እያወቁ ሕይወታቸው ግን አንድ ላይ አልያያዝ ያላቸው ሰዎች አጋጠሙት። እብድ አልነበሩም፤ ነገር ግን ትናንት የነበሩት ሰው ዛሬም እነርሱ መሆናቸው አይሰማቸውም ነበር። ይህንን ሁኔታ የማንነት ቀውስ ብሎ ጠራው። በኋላም በጥቂቱ ቢሆን ተመሳሳይ ነገር በብዙ ጎረምሶች ላይ እንደሚታይ አስተዋለ።

መሠረታዊ ሐሳቦች

ፍሮይድ የሰው ጠባይ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ወይም ስድስት ዓመታት ይቀረጻል ብሎ ያምን ነበር። ኤሪክሰን የፍሮይድ ተከታይ ቢሆንም ሁለት ትልልቅ ለውጦች አድርጓል። አንደኛ፣ ዕድገት በልጅነት እንደማያበቃና እስከ ሞት ድረስ እንደሚቀጥል አስተማረ። ሁለተኛ፣ ከሥጋዊ ፍላጎት ይልቅ ሰው ከእናቱ፣ ከቤተሰቡ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከጓደኞቹና ከኅብረተሰቡ ጋር ያለውን ግንኙነት የዕድገቱ ማዕከል አደረገ።

ደረጃዎቹ ለምን በቅደም ተከተል እንደሚመጡ ሲያስረዳ ከፅንስ ጥናት ምሳሌ ወሰደ። በማሕፀን ውስጥ ልብ፣ ዓይንና እጅና እግር እያንዳንዳቸው የሚበቅሉበት ጊዜ አላቸው። ጊዜያቸው ሲደርስ በቂ ነገር ካላገኙ ያ ክፍል ብቻ ሳይሆን መላው አካል ይጎዳል። በተመሳሳይ መንገድ የሰው ስብዕና ክፍሎች የየራሳቸው ወቅት አላቸው፤ ሁሉም ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዘር መልክ አሉ።

«ቀውስ» የሚለው ቃል በዚህ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ጥፋት ማለት አይደለም። መንታ መንገድ ላይ መድረስ ማለት ነው። ሰው ወደ ፊት ሊሄድም ወደ ኋላ ሊቀርም የሚችልበት፣ አቅሙም ተጋላጭነቱም አብረው የሚጨምሩበት ወቅት ነው።

በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚሳሳተው ነገር እያንዳንዱ ደረጃ መልካሙ ወገን ሙሉ በሙሉ ማሸነፍ ያለበት ፉክክር ነው ብሎ ማሰብ ነው። ኤሪክሰን ራሱ ይህን አመለካከት ተቃውሟል። የሚፈለገው መልካሙ ወገን የሚያመዝንበት ሚዛን ነው። ለምሳሌ ማንንም የማይጠረጥር ሕፃን የማያውቀውን ሰው ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥርጣሬ ያስፈልገዋል። በየደረጃው ሚዛኑ ሲስተካከል አንድ የመንፈስ ጥንካሬ ይወለዳል።

ደረጃዎቹ በአጭሩ

1. ከውልደት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ፦ መተማመን ወይስ አለመተማመን። የሚገኘው ጥንካሬ ተስፋ።
2. ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት፦ በራስ መቆም ወይስ ኀፍረትና ጥርጣሬ። የሚገኘው ጥንካሬ ፈቃድ።
3. ከ3 እስከ 6 ዓመት፦ ተነሣሽነት ወይስ የጥፋተኝነት ስሜት። የሚገኘው ጥንካሬ ዓላማ።
4. ከ6 እስከ 12 ዓመት፦ ታታሪነት ወይስ የበታችነት ስሜት። የሚገኘው ጥንካሬ ብቃት።
5. ጉርምስና፦ ማንነት ወይስ የሚና መደበላለቅ። የሚገኘው ጥንካሬ ታማኝነት።
6. የወጣትነት ዕድሜ፦ ቅርርብ ወይስ መገለል። የሚገኘው ጥንካሬ ፍቅር።
7. ጎልማሳነት፦ ለትውልድ ማሰብ ወይስ ባሉበት መቆም። የሚገኘው ጥንካሬ እንክብካቤ።
8. እርጅና፦ የሕይወት ምሉዕነት ወይስ ተስፋ መቁረጥ። የሚገኘው ጥንካሬ ጥበብ።

የዕድሜ ወሰኖቹ ግምታዊ ናቸው። ከሰው ሰው፣ ከባህል ባህል ይለያያሉ።

የልጅነት ደረጃዎች

በመጀመሪያው ደረጃ ሕፃኑ ስለ ዓለም የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ቦታ ይታመናል ወይስ አይታመንም? ሲርበው ጡት ከመጣ፣ ሲያለቅስ የሚያነሣው ካለ፣ ዓለም የሚታመን መሆኑን በሰውነቱ ይማራል። የመጀመሪያው ማኅበራዊ ድሉ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር ሳይጨነቅ መቆየት መቻሉ ነው፤ ምክንያቱም ትመለሳለች የሚል ሥዕል በውስጡ ተቀርጿል። ኤሪክሰን ለዚህ ትልቁን ቦታ የሰጠው ለምግቡ ብዛት ሳይሆን ለግንኙነቱ ጥራት ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ልጁ ይራመዳል፣ ይናገራል፣ «እምቢ» ማለት ይጀምራል። ሽንት ቤት መጠቀምን የሚማረውም በዚህ ጊዜ ነው። ወላጆች ወሰን ሳያጡ ነገር ግን ሳያዋርዱ ከያዙት በራሱ መቆምን ይማራል። በተደጋጋሚ ከተነወረ በሰው ዓይን ፊት መታየት ራሱ ያሳፍረዋል። በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ስለ ራስ ያለ ግንዛቤ ሌላ እርምጃ ይራመዳል። ተመራማሪዎች በሕፃን አፍንጫ ላይ ሳያውቅ ቀለም ቀብተው መስታወት ፊት ሲያስቀምጡት፣ አብዛኞቹ ልጆች ከ18 እስከ 24 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ገዛ አፍንጫቸው መውሰድ ይጀምራሉ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው «እኔ ነኝ» ማለት ነው። ይህ ሙከራ የኤሪክሰን ሥራ ባይሆንም ኀፍረት ለምን በዚህ ዕድሜ እንደሚጀምር ለመረዳት ይረዳል፤ ራሱን ከውጭ ማየት የማይችል ልጅ ማፈር አይችልምና።

ሦስተኛው የጨዋታ ዕድሜ ነው። ልጁ ሐኪም፣ ሾፌር፣ እናትና አባት እየሆነ ይጫወታል፤ ጥያቄው አያልቅም። ነገር የመጀመር ድፍረቱ ከተበረታታ ዓላማ ያዳብራል፤ ያደረገው ሁሉ እንደ ጥፋት ከታየበት በሐሳቡ እንኳን ይጸጸታል።

አራተኛው ደረጃ የሥራና የትምህርት ጊዜ ነው። ኤሪክሰን በሁሉም ባህሎች ልጆች በዚህ ዕድሜ አንድ ዓይነት ሥርዓት ያለው ትምህርት እንደሚያገኙ ይጠቅሳል፤ በአንዱ አገር ፊደል፣ በሌላው ማደን፣ በሌላው ደግሞ ከብት መጠበቅ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ገጠርም ልጆች በዚሁ ዕድሜ ጥጃና በግ መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳትና ታናናሾቻቸውን መያዝ ይጀምራሉ። የልጁ ጥያቄ «የሚረባ ነገር መሥራት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። መልሱ በተደጋጋሚ «አትችልም» ከሆነ የበታችነት ስሜት ሥር ይሰዳል። ኤሪክሰን የተቃራኒውን አደጋም አስጠንቅቋል፤ ዋጋው በሥራው ብቻ የሚለካ የሚመስለው ልጅ ሲያድግ ለሥራው ባሪያ ሊሆን ይችላል።

ጉርምስናና የማንነት ጥያቄ

አምስተኛው ደረጃ የንድፈ ሐሳቡ እምብርት ነው። ሰውነት በፍጥነት ይለወጣል፤ ትናንት በእጅ መዳፍ የሚታወቀው ገላ ዛሬ እንግዳ ይሆናል። በተመሳሳይ ጊዜ ኅብረተሰቡ ምን ልትሆን ነው፣ ምን ታምናለህ፣ ከማን ወገን ነህ እያለ ይጠይቃል። ማንነት በኤሪክሰን አገላለጥ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠር ስሜት ነው። አንዱ ሰው በራሱ ውስጥ የሚሰማው አንድነትና ቀጣይነት ነው። ሁለተኛው ሌሎች ሰዎች በእርሱ ላይ የሚያዩት አንድነትና ቀጣይነት ነው። አንደኛው ብቻውን አይበቃም። ራሱን ሰዓሊ ነኝ ብሎ የሚያስብ፣ ማንም ግን ሰዓሊ ነህ የማይለው ወጣት ማንነቱ ገና አልጸናም። ሁሉም «ሐኪም ይሆናል» የሚለው፣ እርሱ ግን በውስጡ የማይሰማው ወጣትም እንዲሁ ነው።

ኤሪክሰን ለዚህ ፍለጋ ኅብረተሰብ ለወጣቱ የሚሰጠውን ጊዜ «የእፎይታ ጊዜ» ብሎ ጠራው። በዚህ ጊዜ ወጣቱ የተለያዩ ሚናዎችን ሊሞክር፣ ሊሳሳትና ሊመለስ ይፈቀድለታል። ተማሪነት፣ የሙያ ልምምድ፣ ጉዞና ወታደርነት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የራሱ የሥዕልና የዝውውር ዓመታትም ለእርሱ እንዲህ ያለ ጊዜ ነበሩ። የእፎይታ ጊዜ ያላገኘ ወይም ማንም ቦታ ያልሰጠው ወጣት ሚናው ይደበላለቅበታል። አንዳንዱ ደግሞ ወላጆቹና አስተማሪዎቹ «እንዳትሆን» ያሉትን ሁሉ ሆኖ ይገኛል። ምንም አለመሆን ከሚያስጨንቀው መጥፎ መሆን ይቀለዋልና። ኤሪክሰን ይህን «አሉታዊ ማንነት» ይለዋል፤ ወጣቱን ለዘለቄታው በወንጀለኛነት ወይም በሌላ ስም መፈረጅ ይህን ማንነት እንደሚያጸናበትም አስጠንቅቋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሲያ በ1966 ይህን ሐሳብ በጥናት ሊለካ በሚችል መልክ አቀረበው። ሁለት ጥያቄዎችን ጠየቀ፤ ወጣቱ አማራጮችን መርምሯል ወይ? በአንዱስ ላይ ጸንቷል ወይ? ከመልሶቹ አራት ሁኔታዎች ይወጣሉ።

የተደበላለቀ ማንነት፦ አልመረመረም፣ አልጸናምም።
ያለ ምርመራ የተዘጋ ማንነት፦ ጸንቷል፣ ግን ምርጫውን የተቀበለው ከሌሎች እንዳለ ነው።
በፍለጋ ላይ ያለ ማንነት፦ እየመረመረ ነው፣ ገና አልጸናም።
የተገኘ ማንነት፦ መርምሮ ጸንቷል።

እነዚህ አራቱ ቋሚ ማኅተሞች አይደሉም። አንድ ተማሪ በሙያ ምርጫው የተገኘ ማንነት ሊኖረው፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ግን ገና በፍለጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ሥራ ማጣት፣ ስደት ወይም ሐዘን ደግሞ የጸናውን ሰው እንደገና ወደ ፍለጋ ሊመልሰው ይችላል።

የአዋቂነት ደረጃዎች

ስድስተኛው ደረጃ ቅርርብ ነው። እዚህ ላይ ኤሪክሰን የሚለው ራሱን ያላገኘ ሰው ራሱን ለሌላ ማካፈል ይቸገራል ነው። ቅርርብ የፆታ ግንኙነት ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ወዳጅነትንና የሥራ አጋርነትንም ይጨምራል። መሥዋዕትነት ቢጠይቅም ቃልን መጠበቅን ይፈልጋል። እጠፋለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ከሰዎች መሐል እያለ ብቻውን ይኖራል።

ሰባተኛው ደረጃ ስለ መጀመሪያው አወጣጡ የሚነገር ታሪክ አለው። በ1950 ባልና ሚስቱ ንድፈ ሐሳቡን በዋይት ሐውስ በተጠራ የሕፃናትና ወጣቶች ጉባኤ ላይ ለማቅረብ ተዘጋጅተው ነበር። ጆአን በኋላ እንደጻፈችው፣ በመኪና ወደ ባቡር ጣቢያ እየሄዱ ሳለ የሠሯቸው ደረጃዎች ከወጣት ጥንዶች በቀጥታ ወደ እርጅና እንደሚዘልሉ አስተዋለች። የጎደለው የእነርሱ የራሳቸው ዕድሜ ነበር። ልጆች እያሳደጉ፣ እየሠሩ፣ እያስተማሩ ያሉበትን ዕድሜ ረስተውት ነበር።

ለትውልድ ማሰብ የሚባለው ይህ ደረጃ ልጅ መውለድን ብቻ አይመለከትም። መምህር፣ የእጅ ሙያ የሚያስተምር አንጥረኛ፣ ዛፍ የሚተክል ገበሬና መጽሐፍ የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ከእነርሱ በኋላ ለሚቀር ነገር ይደክማሉ። ልጅ ወልዶ ይህን የማያደርግ ሰውም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ባለበት ይቆማል፤ ራሱን እንደ ብቸኛ ልጁ እያባበለ ይኖራል። ኤሪክሰን ሌላም ነገር ጨምሯል፤ ትንንሾች ትልልቆችን እንደሚፈልጉ ሁሉ ትልልቆችም መፈለግን ይፈልጋሉ።

በስምንተኛው ደረጃ ሰው ወደ ኋላ ይመለከታል። ጥያቄው የኖርኩት ሕይወት፣ ከነስሕተቱ፣ የእኔ ነበር ብዬ ልቀበለው እችላለሁ ወይ የሚል ነው። ምሉዕነት ያገኘ ሰው ሁሉም ነገር መልካም ነበር አይልም፤ የሆነው መሆን የነበረበት የራሱ ሕይወት መሆኑን ይቀበላል። ያላገኘው ሰው ጊዜው ማጠሩ ያስጨንቀዋል፤ ሌላ መንገድ ለመጀመር ዘግይቷልና። ኤሪክሰን ይህን ደረጃ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር የስዊድኑ ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን በ1957 የሠራውን አንድ አረጋዊ ሐኪም ሕይወቱን የሚመረምርበትን ፊልም ይጠቀም ነበር። በ1986 ደግሞ ከጆአንና ከሔለን ኪቭኒክ ጋር ሆኖ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ 29 ሰዎችን አነጋግሮ አንድ መጽሐፍ አሳተመ።

ዘጠነኛው ደረጃ

ኤሪክሰን በግንቦት 12 ቀን 1994 በማሳቹሴትስ ግዛት በሐርዊች ሞተ። ጆአን በዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ላይ ሆና በ1982 የታተመውን የባሏን መጽሐፍ በማስፋት በ1997 አሳተመች፤ ዘጠነኛ ደረጃም ጨመረችበት። ስምንተኛውን ደረጃ የጻፉት ገና እርጅናን በቅጡ ሳያውቁት እንደነበረ ተገነዘበች። በጣም በገፋ ዕድሜ ሰውነት አልታዘዝ ሲል የቀድሞዎቹ ፈተናዎች ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን አስቸጋሪው ወገን ቀድሞ ይመጣል። በገዛ እግሩ መቆም የተቸገረ አረጋዊ የራሱ ሰውነት የማይታመን ይሆንበታል፤ መታጠብና መልበስ ሲያቅተው የሕፃንነቱ ኀፍረት ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መሐል የሚይዘው የመጀመሪያው ደረጃ ስጦታ የሆነው ተስፋ ነው።

ትችትና ማሻሻያ

ንድፈ ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ቢያገኝም በርካታ ትችቶች ቀርበውበታል።

አንደኛው ሐሳቦቹ ሰፊ በመሆናቸው በሙከራ ለማረጋገጥ ማስቸገራቸው ነው። «ምሉዕነት» ወይም «መተማመን» በምን ይለካል? የማርሲያ ሥራ ለአምስተኛው ደረጃ መልስ ሲሰጥ፣ ዳን ማክአዳምስና ኤድ ደ ሴንት ኦባን በ1992 ለሰባተኛው ደረጃ መለኪያ አዘጋጅተዋል።

ሁለተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። በሐርቫርድ ከኤሪክሰን ጋር ያስተማረችው ካሮል ጊሊጋን በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ንድፈ ሐሳቦች ራስን ከሌሎች መለየትን እንደ ብስለት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰርን ግን እንደ ኋላ ጉዳይ እንደሚያዩ ተቸች። ለብዙ ሴቶች ማንነትና ቅርርብ በተራ የሚመጡ ሳይሆኑ አብረው የሚያድጉ ናቸው አለች።

ሦስተኛው የዕድሜ ክፍፍሉ ነው። ጄፍሪ አርኔት በ2000 ባቀረበው ሐሳብ፣ ትምህርት በረዘመባቸውና ጋብቻ በዘገየባቸው አገሮች የማንነት ፍለጋ ከ18 ዓመት በኋላም እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እንደሚቀጥል ገልጿል። በሌላ በኩል በ1938 በተጀመረው የሐርቫርድ የአዋቂዎች ዕድገት ጥናት ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራው ጆርጅ ቫያን በቅርርብና ለትውልድ በማሰብ መካከል በሙያ የመጽናት ደረጃ መኖር አለበት ብሏል።

አራተኛው የባህል ጥያቄ ነው። የእፎይታ ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያገኘው ዕድል አይደለም። ቤተሰብ ለመርዳት በልጅነቱ ሥራ የገባ፣ ወይም በአሥራዎቹ ዕድሜ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር የሄደች ወጣት፣ ሚና እየሞከሩ ለመምረጥ ጊዜ የላቸውም። በእነርሱ ሁኔታ ያለ ምርመራ የጸና ማንነት ያልበሰለ ነው ማለት ያስቸግራል። ለቤተሰብ ቃል መጠበቅ ራሱ ከኤሪክሰን ጥንካሬዎች አንዱ ነውና።

ከኢትዮጵያ አንጻር

ሕይወትን በደረጃ መክፈል ለኢትዮጵያ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በአማርኛ ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ልጅ፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳና ሽማግሌ የሚሉት ቃላት ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ከሰውየው የሚጠብቀውን ጠባይ ጭምር ይናገራሉ። «ሽማግሌ» ማለት ያረጀ ሰው ማለት ብቻ ሳይሆን የሚያስታርቅ ሰው ማለትም ነው፤ ይህም ኤሪክሰን ለመጨረሻው ደረጃ ከሰጠው ጥበብ ጋር ይቀራረባል።

በይበልጥ የተደራጀው ምሳሌ በ2016 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ነው። በገዳ ሥርዓት የሰው ሕይወት በአብዛኛው ስምንት ስምንት ዓመት በሚፈጁ እርከኖች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱም የታወቀ መብት፣ ግዴታና ሥነ ሥርዓት አለ። አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥርዓቱን በቦረና በሰፊው አጥንተዋል። ከኤሪክሰን ሐሳብ ጋር ትልቅ ልዩነትም አለው። በገዳ አንድ ሰው ወደ ሥርዓቱ የሚገባበት እርከን የሚወሰነው በአባቱ እርከን ነው፤ ልጅ ከአባቱ 40 ዓመት ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ እርከን ላይ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ሊገኙ ይችላሉ። በኤሪክሰን ዘንድ ደረጃውን የሚያመጣው የግለሰቡ ዕድገት ሲሆን በገዳ ግን የትውልድ ትስስር ነው።

ስምና ማንነት የሚገናኙበት መንገድም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ልዩ መልክ አለው። በተለመደው አጠራር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን የአባቱ ስም ይከተላል፤ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይጨመራል። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል መካከል ብዙዎች የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። ኤሪክሰን የማንነት ምሰሶዎች ብሎ የጠራቸው ሁለቱ ነገሮች፣ ሰው በውስጡ የሚሰማውና ሌሎች የሚጠሩበት፣ ሲለያዩ ምን እንደሚፈጠር ይህ ታሪክ ያሳያል።

ተጽዕኖ

ኤሪክሰን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ባይኖረውም ከ1960 እስከ 1970 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት አስተምሯል። ከዚያ በፊት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ በነበረበት ጊዜ መምህራን ኮሚኒስት አለመሆናቸውን በመሐላ እንዲፈርሙ ሲጠየቁ ተቃውሞውን በጽሑፍ አቅርቦ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲውን ለቅቋል። ንድፈ ሐሳቡን ለታሪክ ሰዎችም ተጠቅሞበታል፤ በ1958 ስለ ወጣቱ ማርቲን ሉተር፣ በ1969 ስለ ማኅተመ ጋንዲ ጽፏል። የጋንዲ መጽሐፉ በ1970 የፑሊትዘር ሽልማት አስገኝቶለታል።

ዛሬ ስምንቱ ደረጃዎች በመምህራን ማሠልጠኛ፣ በነርስነትና በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ውስጥ በሰፊው ይሰጣሉ። የደረጃዎቹ ዝርዝር ቢያከራክርም፣ ሰው በማንኛውም ዕድሜ ያልጨረሰው ሥራ አለው፤ ሊጨርሰውም የሚችለው ብቻውን አይደለም የሚለው መሠረታዊ ሐሳብ በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ ጸንቶ ቆይቷል።